በሰውነታችን የሚበቅለውና የማይበቅለው
ስለ አጥንት፥ ስለ ጅማትና ስለ ጉልበት ሕመም

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ሆሞሻን ያገኛል። ግራና ቀኙ ሽመል የበቀለበት አገር ነው፤ በየግቢውም የማንጎ ዛፍ ጥላውን ጥሏል። በሆሞሻና በአካባቢው ባሉት በመንጌ፥ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች የበርታ ሴቶች በወንዝ ዳር ቁጢጥ ብለው፥ አሸዋውን በእንጨት ገበቴ እያዞሩ ወርቅ ያጥባሉ። የቤኒሻንጉል ወርቅ ዝናው የቆየ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወርቅ ነበር። አገሩም በ1898 በራስ መኰንን ዘመቻ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ግብሩን በወርቅ ሲከፍል ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ወርቁ ብዙ ተጽፏል፤ ወርቁን ስላወጣው ወገብና ጉልበት ግን የጻፈ ጥቂት ነው። ወርቅ ማጠብ ጎንበስ ቀና የበዛበት ሥራ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በሸክም ወደ ውሃ ይወሰዳል፤ ከዚያም ሰዓታት ሙሉ ተቀምጦ ማጠብ ነው። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙም በዚያው ቀን ይጠብቃል። ይህን ሥራ ከልጅነቷ ጀምራ የሠራች ሴት ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ በጠዋት ስትነሣ ጉልበቷን ይዛ ብትቆም ምን ያስደንቃል? በጎጃምም በወሎም የሚያርስ ገበሬ፥ በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፥ ያው ሕመም ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ይህን ሕመም ተከትሎ በዘመናችን አንድ ወሬ መጥቷል። በስልክ መስታወት ላይ ነጭ ካባ የለበሰ ሰው ይታይና «ያረጀ ጉልበት በአንድ መርፌ እንደገና ይበቅላል» ይላል። መድኃኒቱን አንዳንዱ «ስቴም ሴል» ይለዋል፤ ሌላው «ፒ አር ፒ» ይለዋል። ዋጋው ከብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ገቢ ይበልጣል፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ ሕንድ፥ ታይላንድ ወይም ቱርክ ነው። ቤተ ሰብም ይመክራል፤ «ላሚቱ ትሸጥ፤ የተቀመጠውም ወርቅ ይውጣ» ይባላል። በመጨረሻም «ልጃችን ተምሯል፤ እሱን እንጠይቀው» ይላሉ።

ውድ አንባብያን፤ ያ የሚጠየቀው ልጅ፥ ያቺ የምትጠየቀው ልጅ፥ እናንተ ናችሁ። ተማሪም ብትሆኑ በመሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊም ብትሆኑ የቤታችሁ ሰዎች ከሐኪም በፊት የሚጠይቁት እናንተን ነው። ስለዚህ ከሰውነታችን ክፍሎች የትኛው ተጎድቶ እንደሚበቅል፥ የትኛውም እንደማይበቅል አውቃችሁ መልስ ብትሰጡ፥ አንዲት ላም ከመሸጥ ልትድን ትችላለች፤ አንድ የልጅ እጅም ከመቆረጥ።

አጥንት ይበቅላል

ሽመል ሲቆረጥ ከሥሩ እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ አጥንትም በተሰበረበት ቦታ ራሱን ይተካል። ስብራት በደረሰ ጊዜ ደም በቦታው ይረጋል። በረጋው ደም ዙሪያ አዳዲስ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ በሁለቱ ስባሪዎች መካከልም ለስላሳ ድልድይ ይዘረጋሉ። ያም ድልድይ ከሳምንታት በኋላ ካልሲየም እየያዘ ይጠነክራል፤ በወራትም ጊዜ ተስተካክሎ እንደ ቀድሞው አጥንት ይሆናል። ቆዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ በደንብ የዳነ አጥንት ግን እውነተኛ አጥንት ነው።

ይህ የአጥንት ኀይል ምን ያህል እንደሚደርስ ለዓለም ያሳየው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ነው። ኢሊዛሮቭ በ1951 ገደማ በምዕራብ ሳይቤርያ በኩርጋን ከተማ ሲሠራ አጥንትን በቀለበትና በቀጫጭን ሽቦ ከውጭ የሚይዝ መሣሪያ ፈለሰፈ። አጥንቱ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀስ እያሉ ሲራራቁ፥ በመካከላቸው አዲስ አጥንት እየበቀለ ክፍተቱን ይሞላው ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ባገኘበት በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ የወሰደው ሩስያዊው ቫሌሪ ብሩሜል፥ በማግሥቱ ዓመት በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተሰባበረ። ብዙ ጊዜም ተቀዶ አልዳነም። በ1968 ግን ኢሊዛሮቭ አከመውና ድኖ ወደ ዝላይ ለመመለስ በቃ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የአጭር እግርና የተበላሸ ስብራት ሐኪሞች በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። እንግዲህ «ሰውነትን እንደገና ማብቀል» የሚባለው ሕክምና ትናንት በስልክ መስታወት ላይ የተወለደ ነገር አለመሆኑን ልብ በሉ።

ሆኖም አጥንት እንዲበቅል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ተስተካክሎ ማረፍና ደም። የአገራችን ወጌሻ የመጀመሪያውን ያውቃል። ስብራቱን በእጁ ዳስሶ ያገናኛል፤ የቀርከሃ ወይም የሽመል ስንጥር ደርድሮ በጨርቅ ያስራል። ሐኪም በሌለበት ዘመን ሕዝባችንን የጠገነው እርሱ ነው፤ ዛሬም በብዙ ገጠር ከሐኪም ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ያን ጊዜ ደም መግቢያና መውጫ ያጣል። ጡንቻ ደም ካጣ በ6 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እጁ ይጠቁራል፤ በሆስፒታልም የሚጠብቀው መጋዝ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸውን ወይም እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ብዙ ናቸው። አጥንቱ እኮ ሊበቅል ነበር!

እዚህ ላይ ልናከብረው የሚገባ አንድ ሥራ አለ። ኢትዮጵያዊው ሐኪም መኮንን እሸቴ በ2005 በእንግሊዝ አገር በሚታተመው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወጌሾቹን ከመንቀፍ ይልቅ ሰብስበው ለአንድ ቀን አስተማሩአቸው። ከትምህርቱም በኋላ ማሰሪያ በመጥበቁ ምክንያት የሚደርሰው የእጅና የእግር መቆረጥ በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ቀን ብቻ! ውድ የሆነ መሣሪያም፥ ከባሕር ማዶ የመጣ መርፌም አላስፈለገም።

ስለዚህ በሰፈራችሁ ልጅ ወድቆ ቢታሰር የጣቶቹን ጫፍ ተመልከቱ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፥ ሲነኩ ካልተሰማው፥ ወይም ሕመሙ እያደር ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፥ ማሰሪያው እዚያው ይፈታ፤ ልጁም በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። «ወጌሻው እስኪመጣ» ተብሎ አይጠበቅም። አጥንቱ በቆዳው ወጥቶ ከታየ ደግሞ ከመጀመሪያው ቦታው ሆስፒታል ነው።

ጅማት ይድናል፤ ግን በትዕግሥት

ጅማት ደም የሚደርሰው ከአጥንት ያነሰ ስለ ሆነ ሲጎዳ የሚድነው በዝግታ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ኀይሌ ገብረ ሥላሴን መጥቀስ ይበቃል። ኀይሌ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው የተረከዙ ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያም ጅማቱን ተቀደደ፤ አረፈ፤ ቀስ በቀስም ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ፤ በ2008ም በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው እስከ በርሊን ድረስ ያለውን 8 ዓመት ቍጠሩት።

ይህን ትዕግሥት ለማሳጠር የመጣው ነው እንግዲህ «ፒ አር ፒ» የሚባለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከበሽተኛው ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙ በመኪና በፍጥነት ሲሽከረከር፥ ወተት ሲናጥ ቅቤው እንደሚለይ ሁሉ፥ ክፍሎቹ ይለያያሉ። ከነዚህም ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን አካላት፥ ማለትም ፕላትሌቶች፥ በብዛት ያሉበት ክፍል ተወስዶ በተጎዳው ቦታ ይወጋል። ፕላትሌቶች ቍስልን የሚያድኑ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያወጡ፥ «ቍስል በሚድንበት መንገድ ጅማትም ይድናል» የሚል ተስፋ ተደረገ። ተስፋው ምክንያት ያለው ነበር። ነገር ግን በ2010 በኔዘርላንድ የተረከዝ ጅማት ሕመም ያለባቸው 54 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፥ ግማሾቹ በፒ አር ፒ፥ ግማሾቹ በጨው ውሃ ተወጉ፤ ሁሉም ያንኑ የሰውነት እንቅስቃሴ ሠሩ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ልም አጥንት ግን አይበቅልም

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ የቅልጥሙን ጫፍ ያየ ሰው፥ በመገጣጠሚያው ላይ ነጭ፥ የሚያብረቀርቅና የሚያዳልጥ ሽፋን ያስታውሳል። ያ ልም አጥንት ይባላል። ሁለት አጥንቶች ሳይፋጩ እንዲንሸራተቱ የሚያደርገው እርሱ ነው። የዕድሜ፥ የሸክምና የጉዳት ብዛት ሲያሳሳው ጉልበት ይደርቃል፥ ያብጣል፥ ያማል።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። አጥንት ሲሰበር ደም ፈስሶ፥ በደሙም ጠጋኞች ሕዋሳት መጥተው ሥራ ይጀምራሉ፤ ወደ ልም አጥንት ግን ጠጋኝ የሚመጣበት መንገድ አልተሠራም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንንቀሳቀስ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ይመጠዋል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር በ1743 ለንደን ላይ ለሊቃውንት ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ልም አጥንት አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ ተናግሯል። እነሆ ከ280 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሊቃውንቱ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ለማፍረስ አልቻሉም። ሽመል በተቆረጠ ጊዜ ያቆጠቁጣል፤ ከወንዙ የታጠበ ወርቅ ግን በቦታው አይበቅልም። አጥንትና ልም አጥንትም ልዩነታቸው እንደዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቂት በር ተከፍቷል። በስዊድን የጎተንበርግ ሐኪሞች ከ1987 ጀምረው ከበሽተኛው ጉልበት ጥቂት ልም አጥንት እየወሰዱ፥ ሕዋሳቱን በላቦራቶሪ ካራቡ በኋላ በቀዶ ሕክምና ወደ ጉልበቱ መልሰው ይተክሉ ጀመር፤ የ23 ሰዎችንም ውጤት በ1994 አሳተሙ። ዘዴው እየተሻሻለ ሄዶ በ2016 በአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ያገኘ ዓይነትም አለው። ነገር ግን ይህ ሕክምና የሚሆነው በአደጋ ወይም በስፖርት ምክንያት በልም አጥንታቸው ላይ የተወሰነ ጕድጓድ ለተፈጠረባቸው፥ ጉልበታቸው በቀረው ጤናማ ለሆነ ሰዎች ነው። ሁለት ጊዜ መቀደድን፥ ወራት የሚፈጅ ልምምድንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለ60 ዓመት እናት ሙሉ በሙሉ ላለቀ ጉልበት የተሠራ አይደለም።

መርፌው በሚዛን ላይ

ታዲያ በስልክ መስታወት የሚታየው መርፌስ? አንድን መድኃኒት ለመመዘን ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ሚዛን አለ። በሽተኞች በዕጣ ይከፈላሉ፤ ግማሹ እውነተኛውን፥ ግማሹ የሚመስለውን ይወስዳል፤ ማን ምን እንደ ወሰደ በሽተኛውም መርማሪውም አያውቅም።

በአውስትራሊያ በዚህ ሚዛን የጉልበት ሕመም ያለባቸው 288 ሰዎች ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ2021 ታተመ። ግማሾቹ ፒ አር ፒ፥ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወጉ። ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 እንዲሰጡ ሲጠየቁ፥ ከዓመት በኋላ በፒ አር ፒ የተወጉት 2.1 ነጥብ፥ በጨው ውሃ የተወጉት 1.8 ነጥብ ያህል ተሻላቸው። ልዩነቱ ከምንም አይቈጠርም። ልም አጥንቱስ? በሁለቱም ወገን ቀንሶ ተገኘ፤ በአንዱ 1.4 ከመቶ፥ በሌላው 1.2 ከመቶ።

ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባለው ደግሞ፥ ገና ሥራው ያልተወሰነና ሌሎች ዓይነት ሕዋሳትን ሊያወጣ የሚችል ሕዋስ ነው። በአሜሪካ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 475 ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2023 ወጣ። አንዳንዶቹ ከራሳቸው መቅኔ፥ አንዳንዶቹ ከራሳቸው ስብ፥ አንዳንዶቹ ከእትብት የተወሰደ ሕዋስ ተወጉ፤ የቀሩት የታወቀውን ርካሽ የኮርቲዞን መርፌ ተወጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሦስቱ የሕዋስ ዓይነቶች አንዱም ከኮርቲዞን በልጦ አልተገኘም። ኮርቲዞንም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ሕመም ቢያስታግሥ እንጂ ደጋግመው የሚወጉት አይደለም። በ2017 የታተመ የ140 ሰዎች ምርመራ እንዳሳየው፥ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች ልም አጥንታቸው በጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ሳሳ፤ ሕመማቸውም አልተሻለም።

«ታዲያ ጎረቤታችን ተወግቶ ዳንኩ የሚለው ውሸቱን ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። ውሸቱን አይደለም። የጨው ውሃ የተወጉትም እንደ ተሻላቸው አይታችኋል። የጉልበት ሕመም እንደ ወንዝ ይሞላል፥ ይጎድላል። ሰው ወደ መርፌ የሚሮጠው በሞላ ጊዜ ነው፤ በኋላ ሲጎድል ምስጋናው ለመርፌው ይሆናል። ብዙ ገንዘብ የከፈለና ሩቅ አገር የሄደ ሰውም ልቡ መዳንን ይጠብቃል፤ መጠበቁም ራሱ ሕመምን ያቀላል።

ነገሩ ገንዘብ ብቻ አስወጥቶ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። በ2018 በአሜሪካ ከእትብት ደም የተሠራ ነው የተባለ መርፌ በመገጣጠሚያቸውና በጀርባቸው የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2015 በፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከስባቸው የተወሰደ «ስቴም ሴል» በዓይናቸው ተወግተው ብርሃናቸውን አጡ። ይህ ሁሉ የደረሰው ሕግና ተቈጣጣሪ ባለበት አገር ነው።

ይህን ስል ጥበቡን ለማጥላላት አይደለም። ግንደ ሕዋስ በቦታው ታላቅ መድኃኒት ነው። የደም ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች በመቅኔ ንቅለ ተከላ ማዳን የተቻለው በዚሁ ነው፤ ይህንንም ሥራ የጀመሩት አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካም ተራውን የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት በመመለሳቸው በ2012 ተሸልመዋል። ምናልባት አንድ ቀን ልም አጥንትንም የሚያበቅል ይገኝ ይሆናል። ነገ የሚገኘውን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ሰው ግን ነጋዴ ነው። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» እንደሚባለው፥ ጥያቄ የማይጠይቅ በሽተኛ ሲያገኝ አይምረውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፥ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። የጉልበት ሕመም ሁሉ የማርጀት አይደለም። መገጣጠሚያው ግሎ፥ አብጦ ትኵሳት ካለ መግል ይዞ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ያስፈልገዋል። ለብዙ ጊዜ ያበጠ፥ ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር የመጣ ሕመም የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ደግሞ በክኒን ይድናል። ይህን ለመለየት ባንኮክ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአሶሳ ሆስፒታል መጀመር ይቻላል።

በሁለተኛ፥ ሕመሙ የልም አጥንት መሳሳት ከሆነ፥ የሕክምና መመሪያዎች በአንደኛ ደረጃ የሚያዝዙት የጡንቻ ልምምድ ነው። የጭን ጡንቻ ሲበረታ የጉልበትን ሸክም ይጋራል፤ እንቅስቃሴውም ልም አጥንቱን ይመግበዋል። በዴንማርክ በ2013 የተጀመረ አንድ ትምህርት በሽተኞችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ያለማምዳል፤ ዛሬ ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቷል። ለዚህ መኪናም አዳራሽም አያስፈልግም። እናታችሁ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ አንድ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እስከ አምስት ይቍጠሩ፤ ያውርዱ፤ ይህንኑ አሥር ጊዜ ያድርጉ፤ ከዚያ በሌላው እግር። ይህ ሲለመድ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ይጨምሩ። ጥቂት ቢያም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ካልጸና ይቀጥሉ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና እናንተ አጠገባቸው ሆናችሁ ቍጠሩላቸው።

በሦስተኛ፥ ሸክም ይቀነስ። ከሰውነት ክብደት 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ሴቶች ላይ የተደረገና በ1992 የታተመ ጥናትም፥ 5 ኪሎ ያህል የቀነሱት በጉልበት በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ በቢሮ ወንበር ላይ ለሚወፍር ጸሐፊ ምክር ነው። ለሆሞሻ እናት ግን ትርፍ ክብደቷ በራሷና በትከሻዋ የምትሸከመው ነው። ስለዚህ አንዱን ከባድ እንስራ በሁለት ቀላል ጀሪካን፥ አንዱን ጉዞ በሁለት ጉዞ መለወጥ፥ ቢቻልም አህያ ወይም የእጅ ጋሪ መግዛት ከማንኛውም መርፌ ይበልጥ ይጠቅማል። በዚሁ ክልል የጉሙዝ ሴቶች በትከሻ ላይ በሚጋደም እንጨት ሸክሙን በሁለት ጫፍ አመዛዝነው መያዛቸው፥ ጭነቱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይጐትት የሚያደርግ ጥሩ ብልኀት ነው። ወርቅ ስታጥብም ቁጢጥ ከማለት ይልቅ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ብትቀመጥ ጉልበቷ ያመሰግናታል።

በአራተኛ፥ መድኃኒት በልክ ይሁን። ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ እንደ ስኳር ይዋጣል፤ ሲበዛና ሲቈይ ግን ጨጓራን ያደማል፥ ኵላሊትንም ይጎዳል። በቅባት መልክ የሚቀባው ለጉልበት የተሻለ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ መራመድ ካቃተ የመጨረሻው መፍትሔ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ይህም በአዲስ አበባ ይሠራል። ከአሶሳ 650 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድን ይጠይቃል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ላም መሸጥ ግድ ከሆነ ብዙ ዓመት ተፈትኖ ለታወቀ ነገር ብትሸጥ ይሻላል።

ያም ሆኖ ቤተ ሰቡ «መርፌው ይሞከር» ካለ፥ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ አቅርቡ። በመርፌው ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው፤ ከማን አካልስ ተወሰደ? ከጨው ውሃ ወይም ከታወቀ መድኃኒት ጋር ተመዝኖ በልጦ የተገኘው የትና መቼ ነው? ቢመርዝ ኀላፊው ማን ነው፤ ፈቃዱንስ የሰጠው የትኛው መንግሥት ነው? ገና በምርመራ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ፥ ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ስለ ምንድን ነው? በእውነተኛ ምርመራ ውስጥ የሚገባ በሽተኛ እንደ ደንቡ መድኃኒቱን አይገዛም። እውነተኛ ሐኪም እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል። የሚቈጣ ወይም «ዛሬ ካልከፈላችሁ ቅናሹ ያልፋል» የሚል ከሆነ ወረቀታችሁን አጥፋችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ላሚቱ ከተሸጠች በኋላ ግን የሚለቀም ነገር የለም።

ውድ አንባብያን፤ አገራችን አንድ ቀን የራሷ ላቦራቶሪ ኖሯት የሰውነት ሕዋስ የምታራባ ትሆናለች ብለን እንመኛለን። ከእናንተም መካከል ያን ሥራ የሚሠራ ይወጣ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን ሁለት ነገር ዛሬ ማታ በእጃችሁ ነው። የታሰረ የልጅ እጅ ስታዩ ጣቶቹን መንካት፥ የምታነክስ እናት ስታዩም በርጩማውን አቅርቦ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብሎ መቍጠር።